በፎርም ያገባኋት ሚስቴ

ሚስቴ መታመሟን የሰማሁት ከሰው ነው። ማክሰኞ ጠዋት ጥርሴን እየፋቅሁ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ነጠላ ያጣፉ ሴቶች ደጃፌን ሞልተውታል። ከፊት የቆሙት እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ጌታ ይማራት! እንዴት አደረች?» አሉኝ።

«ማን?» አልኩ፣ መፋቂያው ከአፌ ሳይወጣ።

«ባለቤትህ ነቻ!»

አንባቢዎቼ፣ እንዳትደነግጡ፤ ሚስት የለኝም። ኖራኝም አታውቅም። ሚስት ቢኖረኝ ኖሮ መታመሟን ከጎረቤት ቀድሜ የምሰማ ይመስለኛል፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም፣ ልምዱ የለኝም። ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ።

የምኖረው ሆሳዕና፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለው ያላለቀ ፎቅ ውስጥ ነው። የቤቱ ባለቤት ደቡብ አፍሪካ ነው ያለው። እዚያ ገበያው ሲደራለት እዚህ ቤቱ አንድ ክፍል ይጨምራል፤ ሲቀዘቅዝበት ደግሞ ብረቱ ጣሪያው ላይ እንደቆመ ዝናብ ይመታዋል። ከክፍሎቹ ሁሉ በርና መስኮት የተገጠመለት የኔው ብቻ ነው። በቅናሽ ያከራየኝ ቤቱን እንድጠብቅለት ነው። ከምን እንደምጠብቀው አላውቅም፤ ከንፋስ በቀር የሚገባበት የለም። ሳስል ድምፄ ባዶዎቹን ክፍሎች ዞሮ ወደ እኔ ይመለሳል። መጀመሪያ ሰሞን ሌላ የሚያስል ሰው ያለ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

እንጀራዬ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ለነጋዴውም ለማኅበሩም ሲስተም እሠራለሁ። ሥራዬ ከሰው አያገናኝም። ደንበኞቼ በስልክ ያዙኛል፣ በስልክ ይቆጡኛል፣ በስልክ ይከፍሉኛል። እናቴ አንጋጫ ካረፈች ወዲህ እዚያም የሚጠብቀኝ ቤት የለም። ወንድሜ እሱም ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ለበዓል ይደውላል፤ መስመሩ ይቆራረጣል፤ «ሰላም ነህ?» «ሰላም ነኝ» ተባብለን እንዘጋለን።

ባለፈው ክረምት ታመምኩ። ትኩሳት ነው፤ ብርድ ልብሱን ብደራርብም የምንቀጠቀጥበት ዓይነት። በዚያ ሁሉ ጊዜ በሬን ያንኳኳው የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ነበር። እሱም በመስኮት አየኝና «አይዞህ» ብሎ ቁጥሩን መዝግቦ ሄደ። ያን ጊዜ ነው ‘እዚህ ብሞት ማን ያገኘኛል?’ ብዬ ያሰብኩት። ቆጣሪ አንባቢው በወር አንዴ ነው የሚመጣው።

ሲሻለኝ የመጀመሪያ ሥራዬ የሰፈሩ እድር ሊቀመንበር ጋ መሄድ ሆነ። ጋሽ ሄራሞ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ እስከ ዛሬም ሰው ሲያናግሩ ከኋላ ወንበር ላሉትም እንዲሰማ አድርገው ነው። አባል ልሁን አልኳቸው።

«ባለትዳር ነህ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያ አይሆንም ልጄ። እድራችን ላጤ አይቀበልም። ለቅሶ ሲደርስ ከየቤቱ ባል ድንኳን ይተክላል፣ ሚስት ቆጮዋን ይዛ ትመጣለች። ያንተ ቤት ግማሽ ነው።»

ግማሽ ቤት ማለታቸው ትዳሩን ነበር፤ የቤቴን ጣሪያ አላዩትም። ቅር እንዳለኝ ሲያዩ ግን አንድ ነገር ትዝ አላቸው። መልእክት በየቤቱ እየዞረ የሚናገርላቸው ሰው አርጅቶባቸዋል። ለአባላቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ በስልክ የሚያሳውቅ ነገር ብሠራላቸው በጉባኤ ስለ እኔ እንደሚናገሩልኝ ቃል ገቡልኝ።

ይህን የተቃወሙት ጸሐፊው ጋሽ ፍቅሬ ናቸው። አባታቸው ከሰሜን በሹመት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እሳቸውም በመንግሥት ቢሮ መዝገብ ቤት ያረጁ ሰው ናቸው። እጃቸውን ጀርባቸው ላይ አጣምረው፣ «ሲስተሙ አንዲት ስህተት ከሠራ ወደ መዝገባችን እንመለሳለን። ልጁም ወደ መጣበት ይመለሳል» አሉ። ተስማማን። ብሞት ቀባሪ ማግኘቴና አለማግኘቴ በኮዴ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ከዚህ በፊት ኮዴ ላይ የተንጠለጠለው ትልቁ ነገር የአንድ ሱቅ የሳሙና ክምችት ነበር።

አሁን ስለ ሙያዬ ትንሽ ልንገራችሁ። ፕሮግራመር ሰነፍ ነው፤ ስንፍናውን ግን ተምሮ የያዘው ስለሆነ በሌላ ስም ይጠራዋል። አንድ ፎርም ከሠራህ ያንኑ ፎርም ለሌላውም ቦታ ትጠቀምበታለህ፤ እንደገና መሥራት እንደ ነውር ይቆጠራል። ልክ እንደ ኮቴ ማለት ነው፤ ለሰርግም ለለቅሶም ለባንክ ቤትም ያቺው ናት። ፎንቆ ላለ እህል ነጋዴ የሠራሁትን ፎርም አዲሎ መንገድ ዳር ላለ ምግብ ቤት አምጥቼ ገጥሜው ነበር። ጥብስ ያዘዘው ሾፌር ሁሉ «እርጥበቱ ስንት ነው?» እየተባለ ሲጠየቅ ከረመ። ባለቤቱ ደውሎ ሲጮህብኝ እኔ በልቤ ‘ጥያቄው እኮ መጥፎ አይደለም’ እል ነበር።

ለእድሩም አንድ ፎርም ሠራሁ። ሲስተሙ አራት ክፍል አለው፦ አዲስ አባል፣ ሕመም፣ ለቅሶ፣ ሰርግ። ለአራቱም ፎርሙ አንድ ነው፤ የአባሉ ስም፣ ስልክ፣ የቤቱ አድራሻ፣ ከታች ደግሞ አንድ ሳጥን። ይቺ ሳጥን አዲስ አባል ሲመዘገብ «የትዳር ጓደኛ ስም» ትባላለች። ሕመም ላይ «የታመመው ሰው ስም»፣ ለቅሶ ላይ «የሟች ስም»፣ ሰርግ ላይ «የሙሽሪት ስም» ትሆናለች። ከላይ የሚነበበው ይቀያየራል እንጂ ሳጥኗ ያችው ናት። አንዲት ሴት በዚያች ሳጥን ውስጥ ትዳራለች፣ ትታመማለች፣ ትሞታለች። ኮዱ በጣም አጭር ነበር። ኮራሁበት፤ የማሳየው ሰው አልነበረም እንጂ ባሳየሁት ነበር።

ፎርሙን ጋሽ ፍቅሬ ይሞክሩት ብዬ ሰጠኋቸው፤ ፊታቸውን አጥቁረው መለሱልኝ። ሰኞ ማምሻውን የአባላቱን ስልክ ሁሉ አስገብቼ ጨረስኩና የሕመሙን ክፍል ከፈት ዘጋ አድርጌ ፈተሽኩት። ከዚያ አዲስ አባል ወደሚለው ሄድኩ። ጉባኤው ገና ባይወስንም ራሴን ልሞክርበት አሰብኩ። ስሜን ጻፍኩ፣ ስልኬን ጻፍኩ፣ «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ያላለቀው ፎቅ» አልኩ፣ «መዝግብ» የሚለውን ስነካ በቀይ ቀለም እንዲህ የሚል ወጣ፦ «የትዳር ጓደኛ ስም ያስፈልጋል!»

እስከ ዛሬ ይህን እንዲህ ፊት ለፊት የነገረኝ የለም። እናቴ እንኳ ዙሪያ ጥምጥም ሄዳ ነበር የምትናገረው፤ «የእገሊት ልጅ ወለደች አሉ» ብላ ዝም ትል ነበር። ቀዩን መስመር የጻፍኩት እኔው፣ ቃለ አጋኖውንም የጨመርኩት እኔው መሆኔ ነው የባሰብኝ። አንድ ነጥብ ብጽፍበት ያልፍ ነበር። ጣቶቼ ግን «ምሕረት» ብለው ጻፉ። ምሕረት የምትባል ሴት አላውቅም። ስሟ ከስሜ ሥር ተቀምጦ ሳየው ደስ አለኝ፤ ደግሜ አየሁትና መዘገብኩት።

ያላየሁት ነገር ቢኖር፣ የፎርሙ ግንባር «አዲስ አባል» ይበል እንጂ ሆዱ ገና ሕመሙ ላይ እንደነበረ ነው። ቅድም ከፈተሽኩት ክፍል አልወጣም። እናም ለእድሩ አባላት ሁሉ፣ አባል ስላልሆንኩ ለእኔ ብቻ ሲቀር፣ ይህ መልእክት ሄደ፦ «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያላለቀው ፎቅ የሚኖሩት የአባላችን ቤተሰብ ወ/ሮ ምሕረት ታመዋልና ተገኝታችሁ ትጠይቁ ዘንድ በትሕትና እናሳስባለን።»

እንግዲህ ማክሰኞ ጠዋት ደጄ ላይ የቆሙት እነዚህ ናቸው። ከፊት ያሉት እትዬ አማረች የሴቶቹ ተጠሪ ናቸው፤ ገበያ ላይ ቅቤ ይሸጣሉ፤ ስለ እኔም ሆነ ስለ ጉባኤው ጉዳይ ብዙም የሰሙት ነገር አልነበረም። ከእትዬ አማረች እጅ ላይ ስልኩን ተቀብዬ መልእክቱን ሳነብ ክው አልኩ። «ስህተት ነው፤ ሚስት የለኝም» ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። ወዲያው ጋሽ ፍቅሬ እጃቸውን ጀርባቸው ላይ አጣምረው ታዩኝ።

«ለመሆኑ የታለች?» አሉ እትዬ አማረች፣ ወደ ውስጥ እያዩ።

«እናቷ ጋ ሄዳ ነው። አንጋጫ። ትንሽ... ነፋስ ቢቀይርላት ብዬ።»

«ይሁና፣ እኛ ቤቷ መጥተናል» ብለው ገቡ።

ሰው ቤቴ ገባ። ይህን ስጽፈው ቀላል ይመስላል። አልጋው ላይ ተቀመጡ፣ አንዷ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ የተረፉት ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ጸለዩላት። ስሟን እየጠሩ፣ ጉልበቷን አጽናላት፣ ቤቷን ባርክላት እያሉ፣ አንዷ እንባዋ እስኪወርድ ጸለየች። እኔም «አሜን» አልኩ፤ ምን ልበል? ለእኔ እንዲህ የጸለየ ሰው ኖሮ አያውቅም። እውነቱን ለመናገር ቀናሁባት።

የቡላ ገንፎ ይዘው መጥተው ነበር፣ ቅቤው ከላዩ የቀለጠ። «እንግዲህ ከሚበላሽ አንተ ብላላት» አሉኝ። በላሁላት።

በነጋታው ሌሎች መጡ። በማግስቱም ሌሎች። እኔም ውሸቴን ማሳመር ጀመርኩ። ሕመሟን ሲጠይቁኝ መጀመሪያ ጨጓራ አልኩ፤ እንግዳ ሲለወጥ ወደ ወገብ ወረደ፤ ቆይቶ ጆሮዋ ላይም የሆነ ነገር ጨመርኩባት። ቆጮው በጎመን፣ አይቡ፣ ገንፎው ይመጣል። ምስኪን ሚስቴ በታመመች በሦስተኛ ቀኗ እኔ ጉንጭ አወጣሁ።

ከሁሉ የገረመኝ የጋሽ ፍቅሬ ነገር ነው። ሌላው ተሰብስቦ ሲመጣ እሳቸው ለብቻቸው ከሰዓት በኋላ መጡ። ብርቱካን በፌስታል ይዘዋል። «እግዚአብሔር ይማራት» አሉና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ሊሰልሉኝ ነው የመጡት ብዬ ጠረጠርኩ። ወፍጮው ሥራ ጨርሶ ዝም እስኪል ተቀምጠው «እንግዲህ ልሂድ» ብለው ሄዱ። በነጋታው ደግመው መጡ፤ ያው ወንበር፣ ያው ዝምታ፣ ያው ብርቱካን። የሚመረምሩት የግድግዳውን ስንጥቅ ይመስል ነበር።

ሴቶቹ ግን በእውነት እየመረመሩ ነበር። አንድ ሲኒ፣ አንድ ማንኪያ፣ ሚስማር ላይ የተሰቀለች አንዲት የወንድ ኮት ብቻ አይተዋል። እርስ በርሳቸው በሀድይኛ ያወራሉ። እኔ ከምባታ ነኝ፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች ስለሆኑ ግማሹን እሰማለሁ። ችግሩ የምሰማው ግማሽ የከፋው ግማሽ መሆኑ ነው።

«ልብሷን ሁሉ ይዛ ነው የሄደችው» አለች አንዷ።

«መትቷት ይሆናል እኮ!» አለች ሌላዋ።

ያላገባኋትን ሴት ደበደብክ ተባልኩ። ሐሙስ ዕለት ጋሽ ሄራሞ ሌሎች ሽማግሌዎች አስከትለው መጡና፣ ከኋላ ወንበር ላሉትም በሚሰማ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ላጤ ነኝ ብለኸኝ ነበር» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ...»

«ግዴለም፣ ገባኝ። ተጣልታችሁ ስለነበር ነው እንደዚያ ያልከኝ። ሰው ሲከፋው ሚስቱን የለችም ይላል። ምን አድርገሃት ነው?»

«ምንም አላደረግኳትም! በእውነት ጣቴን አላነሳሁባትም!» ይህን ያህል እውነት በሳምንቱ ውስጥ ተናግሬ አላውቅም።

«መልካም። ቅዳሜ አንጋጫ እንሄዳለን። ታማ ከሆነ እንጠይቃታለን፣ ተቀይማ ከሆነ እናስታርቃችኋለን» አሉና ተነሱ። አንዱን ጉዞ ለሁለት ነገር ሲጠቀሙበት ሳይ፣ እኒህ ሰው ጥሩ ፕሮግራመር ይወጣቸው እንደነበር አሰብኩ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ እህል አልወርድልህ አለኝ፤ የቀረበው ገንፎ መሆኑን ካሰባችሁት ቀላል ነገር አይደለም።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተከራይተው ደጄ ላይ አስጠሩኝ። እትዬ አማረች ድስቱን በጨርቅ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ይዘዋል። አንዷ ለበሽተኛዋ ብርድ ልብስ ገዝታለች። ጋሽ ፍቅሬ ከኋላ ጥግ ላይ ናቸው፤ ብርቱካናቸውን ይዘዋል። እኔን የአማች ቤት መንገድ እንዳሳይ ከሾፌሩ ጎን አስቀመጡኝ። መንገዱን ሁሉ መዝሙር ዘመሩ። እኔ ጎማው እንዲፈነዳ እጸልያለሁ። ጸሎታቸው ከጸሎቴ በረታ መሰለኝ፣ መኪናው እንዲህ አማን ሆኖ ሄዶ አያውቅም።

አንጋጫ ገበያው ጋ ስንደርስ ሾፌሩ «በየት በኩል ነው?» አለኝ። ወደ ቀኝ አየሁ። ወደ ግራ አየሁ። እንደ እንግዳ ሰው ተወልጄ ባደግሁበት ከተማ መንገድ ጠፋኝ። በዚህ መሐል ድንች የምትሸጥ ሴት ቀና ብላ አየችኝና ስሜን ጠርታ ጮኸች፤ የድሮ ጎረቤታችን ናት።

ጋሽ ሄራሞ በመስኮት አንገታቸውን አወጡ። «እህቴ፣ የዚህን ልጅ አማቶች ቤት ታውቂዋለሽ?»

«አማቶች?» አለች። ዓይኗ ፈጠጠ። ከዚያ እልልታዋን አቀለጠችው። «አገባህ! ሳትነግረን! እናትህ ይህን ሳታይ!» ብላ በመስኮት ገብታ ልታቅፈኝ ምንም አልቀራት። ዙሪያዋ ያሉት ሻጮችም ለምን እንደሆነ ሳይጠይቁ እልል አሉ።

እናቴን ጠራችብኝ። ከዚያ ወዲያ መዋሸት አቃተኝ። ዞር ብዬ፣ «ሚስት የለኝም» አልኩ። «ኖራኝም አታውቅም። ምሕረት የምትባል ሰው የለችም። ፎርሙ ነው።»

ውጪ እልልታው ቀጥሏል።

«ፎርሙ ምን አደረጋት?» አሉ እትዬ አማረች።

ማስረዳት ጀመርኩ። ሳጥኗ አንድ መሆኗን፣ ግንባሩ ሲለወጥ ሆዱ አለመለወጡን፣ አንድ ጊዜ የተሠራ ነገር ለሁሉም ቦታ መጠቀም በሙያችን የተለመደ መሆኑን ነገርኳቸው። ላብ በላብ ሆኜ ስጨርስ እትዬ አማረች ድስታቸውን ጠበቅ አድርገው ይዘው፣ «ገንፎውን ማን በላው?» አሉኝ።

«እኔ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም፣ እትዬ።»

«የረቡዕ ዕለቱ ጨው አልበዛበትም ነበር?»

«ትንሽ።»

«ብዬ ነበር!» አሉና ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ። አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሳቀች፣ ሌላዋ ተከተለቻት። ብርድ ልብስ የገዛችው ግን አልሳቀችም። ጋሽ ሄራሞም አልሳቁም፤ «ለዚህ ነው አንድ መኪና ሰው የተነሳው?» ብለው ፊታቸውን ወደ ፊት መለሱ። ድስቱ ሳይከፈት ወደ ሆሳዕና ተመለስን።

ስንመለስ ከፊት መቀመጥ አሳፍሮኝ ከኋላ ጥግ ገባሁ፤ ከጋሽ ፍቅሬ ጎን። እንግዲህ አሸንፈዋል፣ የፈለጉትን ይበሉኝ ብዬ ጠበቅሁ። ብዙ ከሄድን በኋላ ከሞተሩ ድምፅ በታች፣ «እኔንም አላሳልፍህ ብሎኝ ነበር» አሉኝ።

«ምኑ ጋሼ?»

«ፎርምህ። ባለፈው ሞክሩት ብለህ ስትሰጠኝ ‘የትዳር ጓደኛ ስም ያስፈልጋል’ አለኝ። በቀይ።»

ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ የቀበራቸውም ይኸው እድር ነው። ይህን የማያውቅ ሰፈሩ ውስጥ የለም፤ እኔም አውቃለሁ። ፎርሙን ስሠራ ግን አላሰብኩትም። «ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ጻፍኳታ።» ብርቱካኑን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩት። «ስሟ ከስሜ ሥር ሲወጣ ደስ አለኝ። ከዚያ አፈርኩ። ኮምፒውተርህን የባሰ የጠላሁት ያን ቀን ነው።»

ይቅርታ ልላቸው ፈለግሁ፤ ቃሉ አነሰብኝ። ከተማ እስክንገባ ዝም ብለን ተቀመጥን። አጠገቤ ሰው ኖሮ ዝም ማለት እንዴት እንደሚለይ ያን ዕለት ገባኝ።

ጉባኤው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ነበር። ጋሽ ሄራሞ ጉዳዬን አቀረቡ፤ የሚስቴን ሕመም፣ የአንጋጫውን ጉዞ፣ የመኪናውን ኪራይ። ከዚያ «ጸሐፊው ደንቡን ያንብቡልን» አሉ። እኔ ኮቴን ለብሼ ከበሩ አጠገብ ቆሜያለሁ፤ ለመውጣት እንዲመቸኝ።

ጋሽ ፍቅሬ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፦ «የእድሩ አባል የሚሆነው ባለትዳር የሆነ ነው።» መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲህ በደንቡ መሠረት ይህ ልጅ አባል አይሆንም። እኔም መውጣት አለብኝ። ባለትዳር አይደለሁም።»

«እንዴ! ያንተ ሌላ ነው!» አሉ ጋሽ ሄራሞ።

«ደንቡ ሌላ አይልም።»

ከሴቶቹ በኩል እትዬ አማረች ተነሱ። «እኔስ? ባሌን ቀብሬ የለም ወይ? ልውጣ?» ብርድ ልብስ የገዛችዋም ተነሳች፤ የእሷ ባል ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ወዲህ ድምፁ ከጠፋ ቆየ፤ ባለትዳር ትሁን አትሁን እሷም አታውቀውም። ሌላም ተነሳ፣ ሌላም። አዳራሹ በቆሙ ሰዎች ሲሞላ ጋሽ ሄራሞ ዙሪያቸውን አዩ። ደንቡ ቢሠራበት ድንኳን የሚተክል አይተርፍም፤ እድሩ ራሱ ቀባሪ ያጣ ነበር።

«ተቀመጡ፣ ተቀመጡ!» አሉ እጃቸውን እያወዛወዙ። «ደንቡ ይሻሻል። ልጁም ይግባ። ፎርሙንም ያስተካክል!»

እንዲህ ሆኜ አባል ሆንኩ። ብሞት ድንኳን ይተከልልኛል፤ ቆጮ ይመጣልኛል፤ ጋሽ ሄራሞ ስለ እኔ ጥሩ ጥሩውን ከኋላ ወንበር ላሉት ይናገሩልኛል። ደስ አለኝ። ቤቴ ገብቼ ወንበሯን በሩ ፊት አድርጌ ተቀመጥኩ። ማንም አልመጣም። በነጋታውም ማንም አልመጣም። ለካ ጤነኛ አባልን የሚጠይቅ የለም። የመጡት ለታመመችው ለምሕረት ነበር፤ እሷ ደግሞ ድናለች። ሳስል ድምፄ እንደ ወትሮው ክፍሎቹን ዞሮ መጣ። ሚስት ኖራኝ ሄዳብኝ የቀረሁ ያህል ከፋኝ ብላችሁ አትስቁብኝ።

ፎርሙን እንዳስተካክል ታዝዤ የለ? ቀዩን መስመር አጠፋሁ። አራቱንም ክፍሎች ለየብቻ ፎርም ልሠራላቸው ተቀመጥኩ፤ ሙያው የሚለውም አንዳንዴ እንደሱ ነው። ግን ያንኑ ፎርም ወሰድኩና አምስተኛ ክፍል ሠራሁበት። ግንባሩ ላይ «ምንም ያልሆነ አባል» ብዬ ጻፍኩ።

ጋሽ ሄራሞ ሲያዩት ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ያልታመመ፣ ሰው ያልሞተበት፣ ሰርግም የሌለበት ሰው ነው ጋሼ።»

«እሱን ምን እናደርገዋለን?»

«መጥታችሁ ትጠይቁታላችሁ።»

ብዙ አሰቡ። «ሰው ‘ምንም አልሆንኩም፣ ጠይቁኝ’ ብሎ ይጽፋል?»

«አላውቅም ጋሼ።»

«ይኑር እስቲ» አሉኝ።

ኖረ፤ ማንም ግን አልነካውም። እኔ ራሴ፣ የሠራሁት ሰውዬ፣ ስንቴ ከፍቼ ስሜን ጽፌ፣ «መዝግብ» የሚለው ላይ ጣቴን አድርሼ አጠፋሁት። የሌለች ሚስቴ ታመመች ብሎ ሰፈሩን ሁሉ ማንቀሳቀስ ምንም አልነበረም፤ ‘ብቻዬን ነኝ’ ማለት ግን እንዴት እንደሚያሳፍር ያየሁት ያኔ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልብሴን እያጠብኩ ስልኬ ጮኸ። አሁን አባል ስለሆንኩ መልእክቱ ለእኔም ይደርሰኛል። እጄን ሱሪዬ ላይ ጠርጌ አነበብኩት፦ «አባላችን አቶ ፍቅሬ ምንም አልሆኑም። ተገኝታችሁ ትጠይቋቸው ዘንድ በትሕትና እናሳስባለን።»

ልብሱን ሳፋው ውስጥ እንዳለ ትቼ ወጣሁ። ባዶ እጅ እንዳይሆን ሱቁ ጋ ቆሜ ብርቱካን ገዛሁ። በራቸው ላይ ስደርስ ከውስጥ የሚሰማ የሰው ድምፅ የለም፤ ምናልባት ቀዳሚው እኔ ነበርኩ፣ ምናልባትም ሌላ አይመጣም። አንኳኳሁ። እጃቸውን ጀርባቸው ላይ ሳያጣምሩ ራሳቸው መጥተው በሩን ገርበብ አደረጉና አዩኝ።

«ምን ሆነህ መጣህ?» አሉኝ።

«ምንም፣ ጋሼ።»

«እኔም» አሉና በሩን ወለል አድርገው ከፈቱልኝ።